መልስ ያጣው የብርሃን በር

እስቲ ይህን ግድግዳ ተመልከቱት።

እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክፋር ግቢሮል የሚባል ሰፈር፤ አሳንሰር የሌለው አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ። ከመግቢያው በስተቀኝ የብረት በር አለ፣ ከበሩ ወዲያ ወደ ታች የሚወስድ ደረጃ። ታች ያለው ክፍል ሚቅላት ይባላል፤ ሮኬት ሲመጣ የሚደበቁበት ምድር ቤት ነው። የማሳያችሁ የመጨረሻውን ግድግዳ ነው። ኖራው የተላጠ ግራጫ ሲሚንቶ። መስኮት የለውም። እርጥበት እንደ ካርታ ያለ እድፍ ሠርቶበታል። ከበላዩ፣ ጣሪያው ላይ፣ ሁለት ብሎኖች ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ ምንም አልተሰቀለባቸውም።

በደንብ አያችሁት? ባለፈው በጋ እዚህ ግድግዳ ላይ በር ነበረ። ከበሩ ወዲያ ቢጫ መንገድ፣ ከመንገዱ ወዲያ ሰማያዊ ተራራ ነበረ። አሁን የለም። ለምን እንደሌለ ነው የምነግራችሁ። እየነገርኋችሁ ብናደድ አትፍረዱብኝ፤ መናደድ የሚገባው ሰው መናደድ ስለደከመው በሱ ፋንታ ነው የምናደደው።

ሰውየው ፈረደ ይባላል። ሃምሳን ተሻግሯል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ ሚስቱ ከተለየችው ቆይቷል፣ ልጆቹ አግብተው አንዱ እዚሁ ከተማ ኦሺዮት ሰፈር፣ አንዷ ደቡብ ገቡ። እኔ ከጎኑ ባለው ሕንጻ ነኝ፤ ከአውቶቡስ ወርደን አብረን ስንራመድ ነው የተዋወቅነው። ፈረደ በፈረንጆች ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ከመጡት ነው። መጀመሪያ ብርቱካን ማሸጊያ ሠራ። ከዚያ አንድ ኡላም ውስጥ፣ የሠርግ አዳራሽ ማለቴ ነው፣ ሳህን አጣቢ ሆነ። አንድ ቀን የመብራቱ ሠራተኛ ከመሰላል ወድቆ እግሩን ሰበረ። ባለቤቱ ኖአም ወደ ወጥ ቤት ብቅ ብሎ «ከፍታ የማይፈራ አለ?» አለ። ፈረደ እጁን አነሣ። በቃ፤ ከዚያ ወዲህ መሰላል ላይ ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ለብዙ ሰው አይገባውም። «ኤሌክትሪክ ነው» ይላሉ። አይደለም። አዳራሹ ድሮ መጋዘን ነበር፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው የተጠጋጋ። ሠርገኛ ግን ሲገባ ቤተ መንግሥት የገባ እንዲመስለው ይፈልጋል። ፈረደ የኋላውን ግድግዳ በሰማያዊ ብርሃን ያጥበዋል። ሰማያዊ ይሸሻል፣ ቀይ ይጠጋል። ማዕዘኑ እንዳይታይ ሁለቱም ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያፈስበታል፤ ዓይን ማዕዘን ካጣ ቤቱ የት ላይ እንደሚያልቅ አያውቅም። ቆርቆሮ እየቆረጠ ፕሮጀክተሩ አፍ ላይ ያስገባና ዓምድ ይጥላል፣ ቅጠል ይጥላል፣ መስኮት ይከፍታል። እንግዳው ገብቶ «ሰፊ ነው» ይላል። ማን እንዳሰፋው አይጠይቅም።

«አገር ቤት ያደገ ሰው ይህ ነገር አይገርመውም» አለኝ አንድ ጊዜ። «የሰሜንን ተራራ ከሩቅ ስታየው ሰማያዊ ነው። ስትደርስበት ድንጋይ ነው። እኔ እዚህ የቀረበውን ድንጋይ ወደ ሩቅ እልከዋለሁ፤ ሌላ ጥበብ የለበትም።» ከዚያ ጉልበቱን እያሸ «ሠርጉ አልቆ ኒዮኑ፣ ነጩ የጣሪያ መብራት፣ ሲበራ ግን ያው መጋዘን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ አንዲት ስንዝር አላሰፋሁም» አለ።

እንደ ቀልድ የሚናገራት አንዲት አባባል ነበረችው። «ጥላ ጠላቴ ነው።» ሰው በመብራቱና በግድግዳው መካከል ሲቆም ጥላው ያርፍበታል፣ ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ደግሞ ግድግዳነቱ ይታወቃል። ስለዚህ ፈረደ መብራቱን የሚሰቅለው ሰው በማይደርስበት ነው። ሰው የማይደርስበት ቦታ ሲፈልግ ዕድሜው አለቀ።

ከዚያ ያ በጋ መጣ። አገር ቤት ሐምሌ ክረምት ነው፤ እዚህ አስፋልት የሚያቀልጥ በጋ ነው። በፈረንጆች ሁለት ሺህ አሥራ አራት። አዛቃው፣ ሮኬት መጣ የሚለው ሳይረን፣ ቀንም ማታም ይጮህ ነበር። ያን ድምፅ የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ ከጮኸ በኋላ የሚሰጥህ ጊዜ ጫማ ለመፈለግ አይበቃም።

ከፈረደ በር ፊት ለፊት እማማ ሙሉመቤት ከልጃቸው ከአመለወርቅ ጋር ይኖራሉ። ወደ ሰማንያ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ አንድ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ሴት ናቸው። አመለወርቅ መዋእለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች፤ አላገባችም፣ እናቷን ትጦራለች። የመጀመሪያው አዛቃ ሲጮህ ሕንጻው በሙሉ ወደ ሚቅላቱ ሮጠ። እማማ በልጃቸው ክንድ እስከ ብረቱ በር ደረሱና ቆሙ።

«መስኮት አለው?» አሉ።

«ሚቅላት እኮ ነው እማዬ። ምን መስኮት አለው።»

«እንግዲያው አልገባም።»

ዞረው የሕንጻው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ደረጃው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ትልቅ የመስታወት መስኮት አለ፤ በዚያ ሰዓት ሰው ሊቀመጥበት የማይገባው የመጨረሻው ቦታ ነው። አመለወርቅ ብትለምን፣ ብትጎትት፣ አልሆነም። እሷም እናቷን ትታ አልወርድም ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። አሮጊቷ ካልወረዱ ሁለት ሰው ሊሞት ነው።

ጎረቤት ምን አደረገ? ጮኸ። ጎረቤት ሁልጊዜ የሚችለው እሱን ነው። የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኤራን ከታች ሆኖ በዕብራይስጥ «ያላ፣ እመቤት፣ በሩን ልዘጋ ነው» ይላል። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ማንተገብሽ «ኧረ እማማ፣ በእርስዎ እልህ ልጅዎን ሊያስበሉ ነው?» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ጉልበት ያላቸው ጎረቤቶች ተነሥተው እማማን በሁለት ክንዳቸው አንጠልጥለው አወረዷቸው። እማማ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ጥለው፣ ሁሉም ነገር እስኪያልፍ ቆዩ። በማግስቱ እህል አልቀመሱም። ከዚያ ወዲያ አዛቃ ሲጮህ ቤታቸውን ከውስጥ መቀርቀር ጀመሩ። አያችሁ፤ ደረጃው ላይ የነበሩትን ሰዎች ይባስ ብለን ከሁለተኛ ፎቅ ውስጥ ቆለፍናቸው። ይህ መርዳት ተባለ።

ፈረደ ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ነበር። በጦርነት ማን ይደግሳል? ሠርጉ ሁሉ ተላለፈ፣ ኡላሙ ተዘጋ። አንድ ጠዋት የእማማን በር አንኳክቶ ገባና ቁጭ አለ።

«እማማ፣ መስኮት ቢኖረው ይወርዳሉ?»

«መስኮት ይሁን፣ በር ይሁን፣ ብቻ ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ይኑር። ሰው ድንጋይ ላይ አፍጥጦ አይቀመጥም።»

«እሺ። እኔ አወጣልዎታለሁ።»

«ምኑን?»

«በሩን።»

እማማ በደህናው ዓይናቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ሠርግ ቤት መዋል አናትህን ነክቶታል» አሉ።

«ነክቶታል። ቢሆንም አወጣለሁ።»

በዚያው ቀን ወደ ሚቅላቱ ወረደ። ሚቅላት ስል ባዶ ክፍል እንዳይመስላችሁ። የተሰበረ ብስክሌት፣ ያደጉ ልጆች አልጋ፣ ያበጠ ፍራሽ፣ የማንተገብሽ ሶፋ፤ ሰው ጨክኖ መጣል ያቃተው ዕቃ ሁሉ እዚያ ነው የተደበቀው። ዕቃውም ሮኬት ይፈራ ነበር መሰለኝ። ፈረደ ብቻውን አንድ በአንድ አወጣው። ሶፋውን በጀርባው ይዞ ደረጃውን ሲወጣ ማንተገብሽ ከላይ አይታ «ጋሽ ፈረደ፣ ተጠንቀቅ፣ እንዳይቀደድብኝ» አለች። ከዚህ በላይ እርዳታ አላገኘም።

ከኖአም አዳራሽ ጓሮ የተጣሉ ሦስት ፕሮጀክተሮች ነበሩ፤ አስፈቅዶ አመጣቸው። ጣሪያው ላይ ብሎን አሰረ። የኋላውን ግድግዳ ኖራ ቀባው፣ እድፉ እንዳይታይ። ሁለቱን ማዕዘኖች በሰማያዊ አጠፋቸው። ከወተት ዱቄት ጣሳ በር የሚመስል ቅርጽ ቆርጦ በአንዱ መብራት አፍ ላይ አስገባ፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ሞቅ ያለ ቢጫ በር ሆነ፣ ገርበብ ብሎ የተከፈተ። ከበሩ ጀምሮ ወለሉ ላይ ሌላ ቢጫ ጭረት ሳበ፣ እየጠበበ የሚሄድ፤ መንገድ ነው። ከመንገዱ ጫፍ የተራራ ጀርባ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየሳሳ። ሲጨርስ አመለወርቅን ጠራት። ገባች፣ አየች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ ወደ ተራራው ተራመደች። ጣቷ ሲሚንቶ ሲመታ ደነገጠችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

«ጋሽ ፈረደ፣ ውሸት ነው እኮ» አለች።

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?»

«ረስቼው ነበር።»

አንድ ነገር ብቻ ጎረቤቱን ለመነ። ኒዮኑን አታብሩት አለ። ኒዮን ከበራ በሩም ተራራውም ይጠፋል። ለዚህ ስብሰባ ተደረገ፤ አዎ፣ ለዚህ። ዳኘው የሚባለው የአራተኛ ፎቅ ጎረምሳ «ሚቅላት ነው ወይስ ዲስኮ?» አለ። ማንተገብሽ «ልጆቹ ጨለማ ይፈራሉ» አለች። ልጆቹ ግን በሰማያዊው ብርሃን እጃቸውን እያዩ ይስቁ ነበር፤ የሚፈሩት ትልልቆቹ ናቸው፣ በጨለማ ፊታቸውን ማን እንደሚያይላቸው ስለማይታወቅ። በመጨረሻ ኤራን «ቤሰደር፣ እሺ፣ ይሞከር» አለ።

አዛቃው ከሰዓት በኋላ ጮኸ። አመለወርቅ እናቷን ይዛ ወረደች። እማማ ብረቱ በር ላይ ቆሙ። አዩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ቀስ ብለው በሕዝቡ መካከል አልፈው እስከ ብርሃኑ በር ሄዱና፣ እንደ ማንኛውም ወግ ያለው እንግዳ፣ ከደፉ ላይ ቆመው ተጣሩ።

«ቤቶች።»

መልስ የለም።

«ቤቶች» አሉ ደግመው።

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ዳኘው «እማማ፣ ማንም የለም፣ ግድግዳ ነው እኮ» አለ። ፈረደ ከመብራቱ ሥር ቆሞ ምን እንደሆነ አልገባውም። እማማ ዞሩ። አዛቃው ገና አልበረደም። ወጡ። አመለወርቅም ተከተለቻቸው።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ፈረደ ደረጃው ላይ አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠ።

«ተቀየሙኝ እማማ?»

«አልተቀየምሁህም። ሥራህ ያምራል። ሰማዩንም አይቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ?»

«ቤቶች አልሁ። ማን መለሰልኝ?»

«እማማ፣ ብርሃን እኮ ነው። ከወዲያ በኩል ሰው የለም።»

«ብርሃን መሆኑ ጠፋኝ? የታወረው ዓይኔ ነው፣ ልቤ አይደለም። በር የሠራኸው አንተ ነህ። በር ከሠራህ ሰው አስቀምጥበት። መልስ የሌለው ቤት አይገባም።»

ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ቀና ሳይሉ ነገሩት። አዲስ አበባ፣ ወደዚህ አገር ለመምጣት ወረፋ ሲጠብቁ፣ የተከራዩት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ባላቸው ተዘራ ታሞ ተኝቶ ነበር። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ስማቸው ይጠራ እንደሆነ ደጅ ሲጠኑ ይውሉና ማታ ይመለሳሉ። ሲመለሱ፣ በሽተኛው ፈገግ ይል እንደሆን ብለው፣ ከገዛ ቤታቸው በር ላይ እንደ እንግዳ ቆመው «ቤቶች» ይላሉ። እሱም ከአልጋው ላይ «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ይላል።

«አንድ ቀን ቤቶች አልሁ» አሉ። «ደግሜም አልሁ።»

ፈረደ ተነሥቶ ወደ ሚቅላቱ ወረደ። 

በሚቀጥለው አዛቃ ፈረደ ከሁሉም ቀድሞ ወረደ። ብርሃኑ በር አጠገብ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ጥቁር መጋረጃ ሰቅሎ ነበር፤ እዚያ ገባ። እማማ መጡ። ደፉ ላይ ቆሙ።

«ቤቶች።»

«ይግቡ፣ ይግቡ። ቤት ለእንግዳ።»

ገቡ። ገቡ ስል ወዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። አመለወርቅ ካመጣችው በርጩማ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አድርገው ተቀመጡ። አመለወርቅ ከጎናቸው። ከላይ ሲፈነዳ ሕንጻው ተንቀጠቀጠ፤ እማማ ትከሻቸውን እንኳ አልነቀነቁም። ሲያልቅ ተነሥተው «እግዜር ይስጥልን፣ ደኅና ዋሉ» ብለው ለመጋረጃው አመስግነው ወጡ።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ይህን ጊዜ ነው ፈረደ ሲስቅ ያየሁት። አንዴ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መብራቱን አብርቶ ተወው፣ በሰንበት መብራት ማብራት ማጥፋት ክልክል ስለሆነ። መብራት እኮ ቀኑን ሙሉ ለመንደድ አልተሠራም። ብርሃኑን ሰማያዊ የሚያደርገው፣ መብራቱ አፍ ላይ ያለው ላስቲክ ከመሐል ቀለጠና ሰማዩ ላይ ነጭ ቀዳዳ ወጣ። እማማ አይተው «ፈረደ፣ ሰማይህ ተበሳ» አሉ። ከመጋረጃው ውስጥ «ፀሐይ ናት በሉ እማማ» አለ። «ፀሐይ እንዲህ አትሸትም» አሉት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ያን ጊዜ ግን አብሯቸው ነበር የሳቀው።

ችግሩ አዳራሹ ተከፈተ። ኖአም ደወለ፤ የተላለፈ ሠርግ አለ፣ መሰላሉን የሚወጣ የለም። ፈረደ መሄድ ነበረበት፤ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ከመሄዱ በፊት በር ለበር ዞረ። ሕንጻው ውስጥ በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ከግማሽ በላይ ነው። የሚጠይቃቸው ነገር ምን ነበር? አዛቃ ሲጮህ፣ ያው እዚያው መውረዳችሁ አይቀርም፣ አሮጊቷ ቤቶች ሲሉ አንዳችሁ ይግቡ በሉ። ይኸው ነው።

ማንተገብሽ «እኔ መጋረጃ ውስጥ ገብቼ ይግቡ ልበል? ልጆቼ ምን ይሉኛል?» አለች።

«መጋረጃው ይቅር። ከተቀመጥሽበት በይ።»

«አፍራለሁ፣ ጋሽ ፈረደ።»

ዳኘው ስልኩን ሳይለቅ «እኔ ትያትር አልችልም፣ ሌላ ሰው ጠይቅ» አለ። ኤራን ከሁሉም በጨዋነት ተናገረ። «አማርኛ ባውቅ እኔ ራሴ እል ነበር» አለ። አንድ ቃል ነው እኮ ኤራን። ሦስት ፊደል ነው። በአንድ ትንፋሽ ይለመዳል። ያንን አላለም፤ ያለው «ድምፅህን ስልክ ላይ ቅዳው» ነው። ለካስ ሰው ከመሆን የሚገላግል መላ ነበረ። ሁሉም ደስ አለው። የፈረደን ድምፅ በአሮጌ ስልክ ላይ ቀዱትና መብራቱ ሲበራ እየደጋገመ እንዲናገር አድርገው መጋረጃው ውስጥ አስቀመጡት። ፈረደ ነገሩን አልወደደውም። ግን ደክሞት ነበር፣ አውቶቡሱም እየደረሰ ነበር።

የዚያን ዕለቱን ከአመለወርቅ ነው የሰማሁት። አዛቃው ጮኸ፣ ሰዉ ወረደ፣ መብራቱ በራ። እማማ ደፉ ላይ ሳይደርሱ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ከመጋረጃው «ይግቡ፣ ይግቡ። ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ቆሙ።

«ፈረደ፣ አለህ?»

ከመጋረጃው እንደገና «ይግቡ፣ ይግቡ። ቤት ለእንግዳ።»

«ሥራ ሄዷል አላሉኝም? ማን ነው ያለው?»

«ይግቡ፣ ይግቡ። ቤት ለእንግዳ።»

አመለወርቅ እናቷ ጀርባ ላይ እጇን አድርጋ ወደ ሰዎቹ ዞረች። በዓይኗ ለመነቻቸው። እሷ ራሷ አብራቸው የቆመች ናት፤ ከውጭ የመጣ ሰው ከውጭ ለመጣ ሰው ይግቡ አይልም። አንድ ሰው ብቻ፣ ከተቀመጠበት። ማንተገብሽ የልጇን ፀጉር መጎንጎን ጀመረች። ዳኘው ስልኩን አየ። ሰማያዊው ብርሃን ውስጥ አፉን የዘጋ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል አለችኝ።

ስልኩ አራተኛ ጊዜ ሲጋብዛቸው እማማ ዞረው ወጡ። አመለወርቅም ኋላቸው። ደረጃው መሐል ሲደርሱ ነበር ትልቁ ድምፅ የመጣው፤ የት እንደወደቀ አላውቅም፣ የደረጃው መስታወት ግን ረገፈ። አመለወርቅ እናቷ ላይ ተደፋች። ክንዷ ከክርን እስከ አንጓ ተቀደደ። እማማን አልነካቸውም። ሲያነሷቸው የሚሉት «እኔ ነኝ ያስጎዳኋት፣ እኔ ነኝ» ብቻ ነበር።

ፈረደ ሲመለስ መስታወቱ ተጠርጎ ነበር፤ ሰው መጥረግ ላይ ፈጣን ነው። አመለወርቅ ክንዷ ተሰፍቶ ተኝታ አገኛት።  መሳሪያውን ይዞ ወደ ሚቅላቱ ወረደና ሦስቱንም መብራት ፈታ። እኔ ወሬውን ሰምቼ ስደርስ መሰላሉ ላይ ነበር።

«ለምን ታወርደዋለህ?» አልሁት። «ጦርነቱ እኮ አላለቀም። አንተ ባለህበት ቀን እንኳ...»

«ብርሃን ሠራሁ» አለ። «ቦታ አስመሰልሁ። ሰው ማስመሰል ግን አልችልም። ሰው የማይመልስበት በር ከግድግዳ ይብሳል፤ ግድግዳ ቢያንስ አይጠራህም።»

ያዝልኝ መሰላሉን አለኝ። ያዝሁለት። ሲወርድ ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

ከዚያ ወዲያ፣ ተኩስ አቁሙ እስኪመጣ ድረስ፣ አዛቃ ሲጮህ ደረጃው ላይ ሦስት ሰው ይቀመጥ ነበር። በረገፈው መስታወት ቦታ ካርቶን ተለጥፏል። እማማ በመሐል፣ አመለወርቅ በአንድ በኩል፣ ፈረደ በካርቶኑ በኩል። «ግባ አንተ፣ ለእኛ ብለህ አትሙት» ይሉታል እማማ። «የት ልግባ እማማ፣ ማን ግባ አለኝ» ይላል። ሥራ ላይ ካልሆነ በቀር ከአጠገባቸው አልተለየም፤ አንድም ቀን ወደ ታች አልወረደም። ከሥራ የቀረባቸው ቀናትም ነበሩ፤ ኖአም ጮኾበታል። እግዜር ጠበቃቸው። እኛ አልጠበቅናቸውም፤ እሱ እንዲጻፍ ነው የፈለግሁት።

ጦርነቱ አለቀ። ሰዉ «ይመስገን አለፈ» ተባባለ። ዕቃው ወደ ሚቅላቱ ተመለሰ፤ ብስክሌቱ፣ ፍራሹ፣ ሶፋው፣ ሳይቀደድ። በዚህ ክረምት ደግሞ ማንተገብሽ የፈረደን በር አንኳኳች። ልጇ አሥራ ሁለት ሞልቷታል፤ ለባት ሚጽቫዋ፣ ሴት ልጅ ለሕግ ስትደርስ ለሚደረገው በዓል፣ ትንሽ ድግስ ሚቅላቱ ውስጥ አስባለች።

«ጋሽ ፈረደ፣ ያቺን ሰማይ አትሰቅልልንም? ልጆቹ ወደዋት ነበር።»

ፈረደ ተቀምጦ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ነበር። 

«ሰማዩ ተበስቷል» አለ።

ማንተገብሽ ስለ ላስቲኩ የሚያወራ መስሏት «አዲስ ላስቲክ እንገዛለን» አለችው።

እኔ ብሆን ልኳን እነግራት ነበር። እሱ ግን ደከመው። «ይሁን፣ እስቲ አያለሁ» ብሎ ሸኛት። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው የምናደደው። ቁጣውን ለማን እንደሚያደርስ አያውቅም፣ ወስዶ መሰላሉ ላይ ይሰቅለዋል።

አሁን እማማ ሙሉመቤት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ለመሞቅ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሲያልፉ በየበሩ ቆም ይላሉ። «ቤቶች» ይላሉ። ለመግባት አይደለም፤ እንዲያው ነው። ቴሌቪዥኑ ከውስጥ ይሰማል፣ የሳህን ኳኳታ ይሰማል፤ አንዱ በር ብቻ ይመልሳል። ፈረደ ከሶፋው ሳይነሣ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ይላል። እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ያልፋሉ።

እንግዲህ ግድግዳውን አይታችኋል። መጥታችሁ ስለ መብራቱ አትጠይቁኝ፤ እንዴት አደረገው፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው አትበሉኝ። ለፈረደ ጭብጨባም አታምጡለት፣ ሠርግ ቤት ይበቃዋል። የእናንተም ሕንጻ ደረጃ አለው፣ ደረጃው ላይም የሚያልፍ ሽማግሌ አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በራችሁ ላይ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሥራ ላይ ብትሆኑ፣ ብታፍሩ፣ ልጆቻችሁ ቢስቁባችሁ እንኳ፣ እባካችሁ በገዛ አፋችሁ «ይግቡ» በሉ።